ቅጽል ስም የሌለበት ጋራዥ

«ኮሚቴው፣ ኦቦ ከድር ወደ አኼራ ሄደዋል» አለኝ የጋራዡ መካኒክ ጀማል በስልክ። ጎባ፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። «መቼ?» ስለው፣ «ትናንት ጧት። ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። ለቅሶ ከመጣህ ድንኳኑ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ነው» ብሎ ዘጋው። ከመጣህ ነው ያለኝ፤ ና አላለኝም። በሱ ቦታ ብሆን እኔም ና አልልም ነበር።

ኮሚቴው ስሜ አይደለም። አባቴ ያወጡልኝ ስም ተሾመ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከጸሐፊነት በላይ ባልሾምም ስሙን ወድጄው ኖሬአለሁ። ሮቤ ከተማ ውስጥ ግን ያን ጋራዥ የሚያውቅ ሁሉ ኮሚቴው ነው የሚለኝ። ይህን ስም ያወጡልኝ ሟቹ የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ከድር ናቸው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኔን ያወጣው መካኒክ ነው፤ መልአክም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አያገኝልኝም ነበር። ነገሩን የሚያከብደው፣ እኒህ ሰው በሕይወታቸው ከዚያ በፊት ሆነ ብለው ለማንም ቅጽል ስም አውጥተው አለማወቃቸው ነው። ከዚያ በኋላም አላወጡም።

ጋሽ ከድር አጭር፣ ደንዳና፣ አንገታቸው ትንሽ ወደ ቀኝ ዘመም ያለ ሰው ነበሩ። አንገታቸውን ያዘመመው ሥራ ነው። የሞተር ሕመም ሲያዳምጡ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሰው ሲያናግራቸውም፣ ካቻቪቴው ባይኖርም፣ እንደዚያው ዘመም ብለው ነው የሚሰሙት። ስትዋሻቸው ፊታቸው ያስታውቃል፤ ውስጥህ የሆነ ቦታ የሚንኳኳ ነገር የሰሙ ይመስላሉ። «ሞተር አይዋሽም ተሾመ። እያጨሰ ደህና ነኝ የሚለው ሰው ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር። ያኔ ገና ተሾመ ነበርኩ።

ሙያውን የለመዱት በደርግ ጊዜ በመንግሥት እርሻ ላይ ነው። መንግሥት ሲለወጥ መሣሪያቸውን በአንድ ሣጥን ይዘው ወጡና ከሮቤ ወደ ጎሮ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ቆርቆሮ አጥረው ጋራዥ ከፈቱ። ባሌ የስንዴ አገር ነው። አጨዳ ሲደርስ ከአርሲም ከየትም የሚመጣው ኮምባይነር መንገዱን ይሞላዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እየተሰበረ የጋሽ ከድርን በር ይሞላዋል። ሰባት ስምንት ሠራተኛ ነበራቸው፤ ግማሹ እስላም፣ ግማሹ ክርስቲያን፣ ሁሉም በሁለት ቋንቋ የሚሳደብ።

ጋራዥ ደግሞ ያለ ቅጽል ስም አይሆንም። የትም ከተማ ሂዱ፣ በወላጆቹ ስም የሚጠራ መካኒክ አታገኙም። ጀማልን ዓይኑ ስለሚርገበገብ ፍሬቻ ይሉት ነበር። መንገድ ላይ ሲታጠፍ ራሱ «ወደ ቀኝ ነኝ» እያለ ይስቅ ነበርና ማንም እንደ ክፉ ነገር አላየውም። እንደ ክፉ ነገር የታየው ስንታየሁ ሲመጣ ነው።

ስንታየሁ የጎባ ልጅ ነው። ስሙ ለወንድም ለሴትም የሚሆን በመሆኑ ብቻ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲቀለድበት ያደገ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሥራው ብየዳ ነው። እሱ የበየደውን ብረት እጅህን ስታሳልፍበት መገጣጠሚያው የት እንደሆነ አታውቅም። ጎባ ይሠራበት ከነበረው ቦታ ተደብድቦ ነው የወጣው። ወሬው ወንድ ይወዳል የሚል ነበር። ይህን ነገር በኛ አገር ሕጉም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም በአንድ ድምፅ ስለሚያወግዙት፣ በሌላ በምንም የማይስማሙ ሰዎች እንኳ እዚህ ላይ ይስማማሉ።

ሥራ ሊጠይቅ የመጣ ቀን የተነጋገሩትን ጋሽ ከድር ራሳቸው ነግረውኛል። ስንታየሁ በሩን አልፎ ሳይገባ፣ «ጋሽ ከድር፣ ኋላ ከሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት። ስለኔ የሚወራው ውሸት አይደለም» አላቸው። እሳቸው ዘመም ብለው ሰሙት። የሚንኳኳ ነገር አላገኙበትም።

«እኔ ቃዲ አይደለሁም፤ ጋራዥ ነው ያለኝ» አሉት። «ልብህን አላህ ይወቀው። ብየዳህን አሳየኝ።»

አሳያቸው። በማግስቱ ሥራ ጀመረ።

ጋሽ ከድርን ከዘመናቸው የቀደሙ ሊቅ ላደርጋቸው አልፈልግም። አንድ ቀን ጠይቄአቸው፣ «አልገባኝም። እስከ ዛሬም አልገባኝም። ግን ያልገባኝን ሞተር ሁሉ በመዶሻ አልመታም» ነው ያሉኝ። ከዚያ በላይ አላብራሩም። እኔ ብዙ ማብራሪያ የሚያውቁ ሰዎች ጋ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት፤ አንዳቸውም እንደሳቸው አላደረጉም።

ስንታየሁ በገባ በሦስተኛው ቀን ጀማል ከማዶ ተጣራ። «እትዬ ስንታየሁ፣ እስቲ ያቺን ብረት ያቀብሉኝ!» ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ስንታየሁ ብረቱን አቀበለ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ለምዶታል። ጋሽ ከድር ከመኪና ሥር፣ ከፎሳው ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ። ጥቁር ዘይት እንደተቀቡ ብቅ አሉና፣ «መቃ!» ብለው ጮኹ።

መቃ ለአማርኛ ተናጋሪ ሸምበቆ ነው። በኦሮምኛ ግን ስም ማለት ነው።

«መቃ! እዚህ ግቢ ውስጥ ሰው ወላጆቹ ባወጡለት ስም ይጠራል። ሌላ ስም የጠራ የዕለቱን የተቃጠለ ዘይት ይደፋል። ለስንታየሁ ብቻ አይደለም፤ ለሁሉም ነው። ከዛሬ ጀምሮ ፍሬቻ የሚባል ሰው የለም፤ ጀማል ነው።»

የተቃጠለ ዘይት መድፋት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቀኑን ሙሉ ከየመኪናው የተንጠፈጠፈው ዘይት የሚጠራቀምበት ሰፊ ገንዳ አለ። ገንዳውን በሁለት እጅ አቅፎ እስከ ግቢው ጥግ ተሸክሞ በርሜል ውስጥ መገልበጥ ነው። ይከብዳል፤ ይፈናጠራል፤ ልብስ ላይ ካረፈ ሳምንት አይለቅም። ሁሉም የሚሸሸው ሥራ ነበር። ያን ዕለት ጀማል ደፋ። በማግስቱ ሌላው ደፋ። በሳምንቱ ጋሽ ከድር ተሳሳቱና፣ «ፍሬቻ፣ የቡሎኑን ክር ፈትሽ» አሉ። ያሉት ወዲያው ገባቸው። ካቻቪቴውን አስቀመጡ፣ እጅጌአቸውን ሰበሰቡ፣ ገንዳውን አቅፈው ወደ ጥግ ሄዱ። ሲመለሱ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጥቁር ሆኖ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ በሕጉ የቀለደ የለም።

ደንበኛም ቢሆን አያመልጥም። አንድ የኮምባይነር ባለቤት «ያ ሰውዬ የነካውን ማሽን እኔ አልነካም» ብሎ ማሽኑን ይዞ ወጥቶ ነበር። ጋሽ ከድር፣ «ውሰድ። ግን የበየደልህ እላዩ ላይ ነው፤ እሱን እንዴት ትፍቀዋለህ?» አሉት። በሁለተኛው ሳምንት፣ ስንዴው ደርሶ ሰማዩ በጠቆረበት ቀን፣ የማጨጃው ምሰሶ ሌላ ቦታ ተሰበረበትና ተመልሶ መጣ።

«ጋሽ ከድር፣ ያ… እንትን የለም?»

«ማን?»

«ያ እንትኑ ነዋ፣ በያጁ።»

«መቃ!»

ሰውየው ሰማዩን አየ። ስንዴውን አሰበ። «ስንታየሁ» አለ በመጨረሻ፣ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው። ስንታየሁም ጭምብሉን አጠለቀና ዝናቡ ሳይደርስ በየደለት።

የትሪው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባሌ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን አብሮ ይሠራል፣ አብሮ ይስቃል፤ ሥጋ ሲቀርብ ግን ትሪው ለየብቻ ነው። ጋራዡም ምሳ ሰዓት ሁለት ትሪ ነበረው። አንድ ቀን ሠራተኞቹ ተማክረው ጀማልን ላኩት።

«ኦቦ ከድር፣ ለስንታየሁ የራሱ ትሪ ቢገዛለት ብለን ነበር።»

«ሁለቱ ትሪ የሥጋ ነው። ሦስተኛው የምንድነው?»

በማግስቱ ሁለቱም ትሪዎች ጠፉ። በምትካቸው ሦስት ሰው የሚሸከመው አንድ ትልቅ ትሪ መጣ፤ ሽሮ፣ ምስርና ድንች ወጥ። «ሥጋ በየቤታችሁ። እዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ትሪ ነው» አሉና ከስንታየሁ ጎን ተቀምጠው የመጀመሪያውን ጉርሻ ከሱ ፊት ቆርሰው በሉ። ከሰው ፊት ቆርሶ መብላት በኛ ዘንድ ነውር ነው፤ የቤት ልጅ ካልሆንክ በቀር። ሁሉም ገባቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት አራት ሰው ከሱቅ ደረቅ ዳቦ ገዝቶ አጥር ሥር በላ። ሁለተኛውን ሳምንት ሁለት። የመጨረሻው ጀማል ነበር። ኋላ ግን ከስንታየሁ ጎን ቦታ ካላገኘ ምሳ የማይጥመው እሱ ሆነ።

እኔ በዚያን ጊዜ የአሠሪዎችን ጉዳይ በሚከታተል ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ የቢሮውን ስም ልተወው። ሁሉም ነገር ሞዴል የሆነበት ዘመን ነበር። ሞዴል አርሶ አደር፣ ሞዴል ቤተሰብ፣ ሞዴል ሽንት ቤት ሳይቀር። የተሻለ የሠራ ሰው ሲገኝ ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ይጻፋል፣ ይቀመራል፣ ይስፋፋል። የኛም ቢሮ ሞዴል አሠሪ ይሸለም ተባለና ቅጽ ወረደ። ከቅጹ ጥያቄዎች አንዱ፣ «ሠራተኞችን በእኩል ዓይን ለማየት አሠሪው ያመጣው አዲስ አሠራር ካለ ይገለጽ» ይላል። ሰበሰብኩት። ሁሉም አሠሪ እዚያ ላይ «ችግር የለም» ብሎ ነው የጻፈው።

የጋሽ ከድርን እኔ ሞላሁት። አንዳንድ ቀን ምሳዬን እዚያ እበላ ስለነበር ትሪውንም፣ የመቃን ሕግም አውቅ ነበር። ሦስት ገጽ በቁቤ ጻፍኩ። እስላምና ክርስቲያን ሠራተኞችን በአንድ ትሪ ያስተሳሰረ አሠሪ፣ ከቅጽል ስም የጸዳ የሥራ ቦታ፣ የመቻቻል ምርጥ ተሞክሮ። ስለ ስንታየሁ አንድ ቃል የለበትም። ሌላው ሁሉ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ብቻ ነው የጎደለው። ሃያ ዓመት ደብዳቤ ስገለብጥ ለኖርኩት ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ነገር በስብሰባ ላይ ተነበበልኝ፤ ተጨበጨበልኝ። ይህን ጭብጨባ ልብ በሉልኝ፤ ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራል።

ኃላፊዬ ጠራኝና፣ «ሐሙስ ኮሚቴ ይጎበኘዋል። እዚያ ጋራዥ ያ ከጎባ የተባረረው አለ ይባላል፤ የኮሚቴው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ። አለበለዚያ ፋይሉን ዝጋው» አለኝ።

ጋሽ ከድር ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሽ ከድር፣ ሐሙስ ኮሚቴው ሲመጣ ስንታየሁን ለአንድ ቀን ጎሮ ቢልኩትስ? እዚያ የቆመ ማሽን አይጠፋም።»

«ኮሚቴው ምን ሊያይ ነው የሚመጣው?»

«ትሪውን።»

«ትሪው ለማን ተብሎ አንድ ሆነ?»

ዓይኔ ማዶ ወደሚበይደው ስንታየሁ ሄደ።

«ባለቤቱን ከትሪው አስነስቼ በትሪው ልሸለም?»

«እውነቱን ብጽፈው እኮ እሱንም እርስዎንም ያሳስራል።»

«እውነቱን ጻፍ አላልኩህም። ውሸቱን አትሸልመኝ ነው የምልህ። ሽልማቱ ይቅርብኝ፤ ለሌላ ስጡት። አሁን ኮቱ፣ ና፣ ምሳ ደርሷል» አሉና እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። ያን ቀን ከስንታየሁ ትይዩ ነበርኩ። ድንቹን ወደኔ ገፋ ገፋ ያደርግልኝ ነበር።

ለኃላፊዬ «ሽልማቱ ይቅርብኝ ብለዋል» ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን «ጉዳዩ አልቋል» ነው።

እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ስንታየሁን አገኘሁት። ሁልጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። አይገባም፣ አይቀርም። ነገሩን በለሰለሰ ቋንቋ ነገርኩት። ኮሚቴው ሐሙስ እንደሚመጣ፣ ጋሽ ከድር እንደሚሸለሙ፣ እሱ ካለ ግን ሽልማቱ እንደሚቀር። «አንድ ቀን ብቻ ነው» አልኩት።

ነጠላውን አስተካከለና፣ «ጋሽ ከድር ናቸው የላኩህ?» አለኝ።

አይደሉም ማለት አንድ ቃል ነው። አፌ ላይ ነበር። ግን አይደሉም ካልኩት ሄዶ ይጠይቃቸዋል፤ ከጠየቃቸው ደግሞ ሦስት ገጼ ከንቱ ይቀራል።

«እሳቸው እንኳ አፍ አውጥተው አይነግሩህም» አልኩት። «ታውቃቸዋለህ።»

ቃል በቃል ካያችሁት ውሸት የለበትም። እንዲያውም በብልጠቴ ትንሽ ተደስቼ ነበር፤ ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኔ ወለምታም አልነበረም፤ አስቤበት የተናገርኩት ነው።

«ገባኝ» አለ ስንታየሁ። «ሐሙስ አልኖርም።»

ረቡዕ ሥራ ሲያበቃ፣ ተራው ሳይሆን፣ የተቃጠለውን ዘይት ደፋ። ጭምብሉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። ሐሙስ ጧት በዲንሾ በኩል በሚያልፈው ሚኒባስ ሄደ። አንድ ቀን ያልኩት ሰውዬ ልብሱን ጠቅልሎ ነው የሄደው።

ኮሚቴው በምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ኃላፊዬ፣ ሁለት ሰዎችና ፎቶ አንሺ። የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አድርገው ይዘውት ነበር። ጋሽ ከድር ሲያዩን ደነገጡ፤ ቀጥሎ ተቆጡ፤ ቀጥሎ ግን የባላገር ልጅ ናቸውና በምሳ ሰዓት የመጣን እንግዳ ማባረር አልቻሉም። እጅ አስታጠቡ። ከተቀመጡ በኋላ ግራ ጎናቸውን አዩና፣ «ስንታየሁ የት ገባ?» አሉ። ጀማል፣ «ከጧት ጀምሮ አላየነውም ኦቦ» አለ።

ኃላፊዬ እጅጌውን ሰብስቦ ጀምሯል። «ይኸው! መቻቻል ማለት ይህ ነው!» ይላል በሞላ አፉ። ጋሽ ከድር የታጠበ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሩን ያያሉ። አልቆረሱም። ፎቶ ተነሣ። ፎቶውን ብታዩት ከሳቸው ጎን የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነው። ቢሮ ውስጥ ሲለጠፍ ማንም «ይህ ቦታ የማነው?» ብሎ አልጠየቀም።

እንግዶቹ ሲወጡ እኔን አስቀሩኝ። ዘመም አሉ።

«ምን አልከው?»

ልዋሽ አሰብኩ። ያ ጆሮ ፊቴ ላይ እያለ አልቻልኩም። እያንዳንዱን ቃል ነገርኳቸው።

«‹እሳቸው አፍ አውጥተው አይነግሩህም›» ብለው ደገሙት፣ ቀስ ብለው፣ የተሰበረ ዕቃ እንደሚያገላብጥ ሰው። «እንግዲያው እኔ ያባረርኩት መስሎት ነው የሄደው።»

«ጋሽ ከድር፣ እኔ…»

የምስክር ወረቀቱን ብብቴ ሥር ወሸቁልኝ። «ይኼ ያንተ ነው። በል ደህና ሁን፣ ኮሚቴው።»

ያልተለመደ ነገር ስለሆነ ሠራተኞቹ ሁሉ ዞሩ። ጋሽ ከድር አላዩአቸውም። ወደ ገንዳው ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው አቀፉት፣ እየተንገዳገዱ እስከ ጥግ ወስደው ደፉት። ሕግ ሕግ ነው። ቅጽል ስም ጠርተዋል፤ ከፈሉ።

ይህ አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ምንኛ በታደልኩ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር፣ «ኮሚቴው፣ እንዴት ዋልክ?» ይሉኛል፤ በትሕትና፣ ያለ ቁጣ። ከዚያ ገንዳውን ያነሣሉ። አንድ ጊዜ ጀማል ሊቀበላቸው ሲሞክር፣ «ተው፣ የኔ ነው» ሲሉት ሰማሁ። ስድሳ ያለፈ ሰው በኔ የተነሣ ዘይት ሲሸከም ማየት አቃተኝና መንገድ ቀየርኩ። ጡረታ ስወጣ ደግሞ ጭራሽ ጎባ ገባሁ። ተሞክሮው ግን ተቀምሮ ተስፋፋ። በየቦታው አንድ ትልቅ ትሪ ተገዛ። ለምን አንድ እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ብዙ ሳይቆይ ሁለት ሆነ።

ጋሽ ከድር ስንታየሁን ፈልገውታል። ጎባ ቤተሰቦቹ ዘንድ ሄደው፣ «እኛ እንዲህ የሚባል ልጅ የለንም» ተብለው ተመለሱ። ሻሸመኔ ድረስ ወርደው በየጋራዡ ጠየቁ። በየዓመቱ ለአጨዳ የሚመጣውን የኮምባይነር ሹፌር ሁሉ፣ «ስንታየሁ የሚባል በያጅ ታውቃለህ?» ይሉታል። ጀማል፣ «ኦቦ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው ብለን ወሬውን ጨምረን ብንጠይቅ ቶሎ ይገኛል» ቢላቸው፣ «በስሙ ካልተገኘ አይገኝ» አሉት።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀን ላይ ደረስኩ። ድንኳኑ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ነው፤ መኪኖቹ ወደ ጥግ ተገፍተዋል። የብየዳው ጭምብል ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሚስማር አልወረደም፤ አቧራ ጠጥቶ ነጭ ሆኗል። ጀማል የጋራዡን ሰዎች ለብቻ አስቀምጦ ትልቁን ትሪ አስቀርቧል። ሽሮና ምስር። «ኮሚቴው፣ ቦታ ፈልግና ተቀመጥ» አለኝ። ከትሪው ዙሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰልኝም።

«ተሾመ፣ እዚህ ና» አለ አንድ ዝግ ያለ ድምፅ።

ጸጉሩ ግማሽ ሸብቷል። ቅጥነቱ ያው ነው። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። በዚያ ግቢ ውስጥ ከስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ተጠራሁ፤ የጠራኝም ስንታየሁ ነው። አሰላ አንድ ጋራዥ ሲሠራ ከባሌ የተመለሰ ሹፌር «የሮቤው ሽማግሌ መካኒክ ሞቱ» ሲል ሰምቶ ያንኑ ቀን ተሳፍሮ ነው የመጣው።

«አንድ ቀንም አልተቀየምኳቸውም» አለኝ በለሆሳስ፣ እየቆረሰ። «ፊቴን አይተው ሂድ ማለት ከብዷቸው ነው አንተን የላኩት። ይገባኛል። ሽልማት ነው፤ ለፍተውበታል። ያን ሁሉ ጊዜ አኑረውኝ የለ?»

ዝም ማለት እችል ነበር።

«አልላኩኝም» አልኩት።

«ምን?»

«እሳቸው አልላኩኝም ስንታየሁ። ሽልማቱ ይቅርብኝ ብለው ነበር። አንተን እንዳላስነሣ ነግረውኝ ነበር። እኔ ነኝ። ከዚያ ጀምሮ በየኮምባይነሩ ሲያስጠይቁህ ነው የኖሩት።»

«በምን ስም?»

«በስምህ።»

«አሰላ ስሜን ማን ያውቀዋል» አለ። «‹የባሌው› ነው የሚሉኝ። እኔም ተውኩት፤ አልነገርኳቸውም።»

የቆረሰውን ትሪው ጠርዝ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ሚስማሩ ላይ ያለውን ጭምብል አየ። እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። ስምንት ዓመት። ሻሸመኔ ከአሰላ ምን ያህል ነው? ያን እሑድ «አይደሉም» ብዬ ቢሆን ኖሮ እኒህ ሰው የታጠበ እጃቸውን ይዘው በር ሲያዩ አይሞቱም ነበር።

ጀማል ከወዲያ አይቶት ተነሣ። «ኮሚቴው፣ ደግሞ ምን አልከው?» አለ ጮክ ብሎ። ድንኳኑ ሁሉ ዞረ።

ስንታየሁ ቀና አላለም። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና፣ «ተሾመ ነው ስሙ» አለው።

ጀማል አንዴ እኔን አየ፣ አንዴ እሱን አየ። ከዚያ ወደ ግቢው ጥግ ሄደ፤ ገንዳውን ሲያነሣ ሰማነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ስሜን ስናፍቅ ነው የኖርኩት። ያን ዕለት ስንታየሁ መለሰልኝ። ባይመልስልኝ ይሻለኝ ነበር።